ከመርፌዋ ጫፍ እስከ ወለሉ

ሰው ፍርሃቱን አይመርጥም። አንዱ እባብ ይፈራል፣ አንዱ ጨለማ፣ አንዱ ደግሞ አማቱን። መርፌ የምትፈራው የባሏን እግሮች ነበር።

ባሏ መኪና ሥር ሲገባ ከወገቡ በላይ ይሰወርና ሁለት እግሮቹ ብቻ ይቀራሉ፤ ጣታቸው ወደ ላይ፣ ተረከዛቸው ዘይት በጠጣው የሲሚንቶ ወለል ላይ። ሥራው ሲቀናው የቀኝ ጫማው ጫፍ ይወዛወዛል፤ ከሥር ሆኖ የሚያንጎራጉረውን ዜማ በጫማው ይመታል። አንዳንድ ጊዜ ግን አንድ ቡሎን እምቢ ይለውና ትንፋሹን ውጦ ሲታገል ጫማው ቀጥ ይላል። ያኔ የመርፌም ልብ አብሮ ቀጥ ይላል።

«አለህ?» ትለዋለች።

«የት እሄዳለሁ?» ይላታል።

መልሱ ሁልጊዜ ይኸው ነው። እሷም ሁልጊዜ ያንን መልስ ስትሰማ ብቻ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

መርፌ የወጣላት ስም ነው። ከማግባቷ በፊት ከአባቷ ጋር የልብስ ስፌት መኪና ትጠግን ነበር። ቀጭን ናት፣ ዝምተኛ ናት፣ ስትናገር ደግሞ ትወጋለች፤ ስሙ ሳይደክም ተጣበቀባት። ባሏን ደንበኛው ሁሉ «ምናባቱ» ይለዋል። ጎማ ፈነዳ ሲሉት «ምናባቱ!»፣ ዝናብ መጣ ሲሉት «ምናባቱ!»፣ ሙሽራ ሆኖ መኪናው መንገድ ላይ የቆመ ጊዜም «ምናባቱ!» ብሎ ከነሱፉ ወርዶ ገፍቷል። ታናሽ ወንድሙ ደግሞ «ሬዲዮ» ነው። ሲተኛ ካልሆነ አይዘጋም፤ እሱንም ቢሆን፣ ሚስት ስላላገባ፣ የሚመሰክር የለም።

ጋራዡን የተከሉት የሁለቱ ወንድማማቾች አባት ናቸው። ሽማግሌው ሲሞቱ ለልጆቻቸው የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ጥቂት መፍቻ፣ አንድ ቀይ የዘይት ክሪክ እና አንድ ሕግ ትተው ሄዱ። ክሪኩ ባለ አራት ጎማ፣ ረጅምና ዝቅ ያለ፣ ወለሉ ላይ ተጋድሞ አፉን ወደ ላይ የሚከፍት ስለሆነ «አዞው» ይሉታል። ሕጉ ደግሞ ይህ ነበር፤ ክሪክ የጠገነ ሰው መጀመሪያ ሥሩ የሚተኛው ራሱ ነው። «ሰው የራሱን ጎድን ካላስያዘ ቡሎን አጥብቆ አያስርም» ይሉ ነበር።

ሽማግሌው በመጨረሻ ዘመናቸው እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አዞውን የመጠገኑ ሥራ ወደ ምራታቸው ተላለፈ። ዘይት እንዳያፈስ የሚያግደውን ስስ የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒውን፣ ሳይቆረጥ ቦታው የሚያስገባ፣ ከቫልቩ ውስጥ የምትወጣውን ትንሽዬ የብረት ኳስ ሳይጥል የሚይዝ እንደ እሷ ያለ ጣት በቤቱ አልነበረም። ሕጉ ጋ ሲደረስ ግን ነገር ተጣመመ። «ሴት ልጅ መኪና ሥር ተንጋላ ደንበኛ ቢያያት ምን ይላል?» አሉ ሽማግሌው። ባሏም «ባልና ሚስት አንድ አካል አይደል? አንቺ ጠግኚ፣ እኔ እተኛለሁ» ብሎ ገላገላቸው። እንዲህ ሆኖ ቀረ። እሷ በጣቷ ትሠራለች፣ እሱ በጎድኑ ዋስ ይሆናታል። ለራስ ሥራ ሌላ ሰው መያዣ ሲሆን ሰው እንዴት እንደሚፈራ የሚያውቀው የደረሰበት ነው።

ስለዚህ አንድ ዘዴ አበጀች። መኪና በተነሳ ቁጥር፣ ክሪኩ ከነካው ብረት አጠገብ፣ ከመኪናው ሆድ ላይ ክር ታስራለች። ከክሩ ጫፍ የስፌት መኪና መርፌ ታንጠለጥላለች። የመርፌዋን ጫፍ ከወለሉ አንድ ጣት ከፍ አድርጋ ትተዋለች። ክሪክ ሲከዳ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ነው፤ እንደ ሽማግሌ እንቅልፍ ትንሽ በትንሽ ያዘቀዝቃል፣ ዓይን አያየውም። መርፌዋ ግን ታየዋለች። ጫፏ ወለሉን ከነካ፣ ክሩ ከላላ፣ ነገር መጥቷል ማለት ነው።

«እትዬ፣ መኪናው ዛሬም ትኩሳት አለው?» ይላታል ሬዲዮ፣ ክሩን ስታስር ባያት ቁጥር። «መርፌ ወጋሽው?»

«ምላስህን ብወጋው ሠፈሩ በዳነ» ትለዋለች።

ያን ሰሞን አዞው ማልቀስ ጀመረ። ከሲሊንደሩ አንገት ዘይት እንደ ላብ እየወጣ ወለሉ ላይ ክብ ነገር ይተዋል፤ ያነሳውንም መኪና እስከ ምሳ አያቆይም። መርፌ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግታ ፈታችው። የአባቷ ልማድ አልለቀቃትም፤ የወጣውን ሁሉ በወጣበት ቅደም ተከተል ከግራ ወደ ቀኝ ትደረድራለች፣ ስትገጥም ከቀኝ ወደ ግራ ትመለሳለች። ፒስተኑን አወጣች፣ አሮጌዎቹን ጎሚኒዎች በጥፍሯ ላጠች፣ ውስጡን በቤንዚን አጠበች፣ ቋቱን በብርሃን አየች፣ አንዲት የብረት ብናኝ አገኘችና በጨርቅ ጫፍ ለቀመቻት። አዲሶቹን ጎሚኒዎች ዘይት ቀብታ አንድ በአንድ አስገባች። ኳሷንና ስፕሪንጓን ወደ ጎሬያቸው መለሰች። እዚህ ድረስ እጇ አልተሳሳተም።

ከዚያ ዘይት መሙላት ነው። የክሪክ ዘይት የምታኖርበት የራሷ ጠርሙስ አላት፤ እንዳይቀላቀል ብላ አንገቱ ላይ ሰማያዊ ክር አስራበታለች። ያን ጠርሙስ ከእሷ በቀር የሚነካው የለም። ቢያንስ እሷ እንደዚያ ታምን ነበር።

ያን ቀን ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ እንደ ቡሽ ተወትፏል። ስታፈስሰው ዘይቱ ቀጠን አለባት። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል አሸት አደረገችው። ልክ ነው፣ ቀጥኗል። ግን ጠርሙሱ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ነው፤ ሞቆ ይሆናል ብላ ለራሷ መልስ ሰጠች። ሰው ሲደክመው ለራሱ የሚሰጠው መልስ ሁሉ ትክክል ይመስለዋል። አንድ ሁለት ጠብታ በቀዩ ቀለም ላይ ወረደ፤ በጨርቅ ጠረገችው። ከሲሊንደሩ ከንፈር ሥር የገባው ግን አልታያትም።

የመልቀቂያውን ቡሎን ፈታ አድርጋ እጀታውን ደጋግማ ሳበች፣ አየሩ እንዲወጣ። ዘጋችው። ከዚያ ባዶውን ከፍ ዝቅ አድርጋ ሞከረችው። ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። እንዲያውም እጀታው ከወትሮው ጠንከር አለባት። በዚያው ሙሉ ሆዱን ይዞ አደረ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ፒክአፕ እያቃሰተ ገባ። ሾፌሩ በቁመቱ ልክ የተጨነቀ ረጅም ሰው ነው።

«ፍሪስዮኑ አለቀ፤ በሁለተኛ ማርሽ ብቻ ነው የመጣሁት» አለ። «ዛሬ እናቴ ከሆስፒታል ትወጣለች። ወገቧ ተቀዶ ሌላ መኪና ላይ መቀመጥ አትችልም፣ ኋላ ፍራሽ አንጥፌላታለሁ። በሞቴ ወንድሜ፣ ድረስልኝ።»

ምናባቱ ፍራሹን አየ፣ ትራሱን አየ፣ የታጠፈውን ብርድ ልብስ አየ። የገዛ እናታቸውን አስታመው የቀበሩ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ ጉልበት አያጡም።

«ለእናት ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው? አስገባው!» አለ።

መርፌ ጠጋ አለችው። «መደገፊያ ብረቶቹስ?» አለችው ቀስ ብላ።

ጋራዡ ውስጥ ያሉት ሁለት መደገፊያ ብረቶች ጥጉ ላይ ካለ ታክሲ ሥር ነበሩ። ታክሲው የኋላ አክሱ ወልቆ በብረቶቹ ላይ ብቻ ቆሟል፤ ባለቤቱ ዕቃ ላምጣ ብሎ ከሄደ ወዲህ ድምፁም አልተሰማ።

«ታክሲው እግር የለው፣ ምን ላድርገው? ልሸከመው?»

«ግንዲላዎቹስ?»

«ግንዲላዎቹን አናጢው ተውሷል» አለ ሬዲዮ ከወዲያ። «እሱ ደግሞ የተዋሰውን የሚመልሰው ወንበር አድርጎ ነው።»

«እንግዲያው አናጢው እስኪመጣ ይቆይ» አለች መርፌ።

«አንቺዬ» አለ ባሏ፣ ፊቷን አይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መፈተኑ አይቀርም አይደል? የአባቴ ሕግ ነው። ሥሩ መተኛቴ ካልቀረ እግረ መንገዴን ለፍሪስዮኑ ካምቢዮውን አወርዳለሁ። ወይስ የራስሽን ሥራ ፈራሽው?»

አዎ ብትለው ሥራዋን ሰደበች፤ አይ ብትለው ላከችው።

«መፈተን ሌላ፣ ሥሩ መዋል ሌላ ነው» አለች።

«ምናባቱ!» አለና ካርቶኑን ወለሉ ላይ ዘረጋ።

አዞውን ከፊት ለፊት አስገቡት። ሬዲዮ እጀታውን ሳበ፤ ፒክአፑ አፍንጫውን ቀና እያደረገ ተነሳ። የኋላ ጎማዎቹ ላይ ድንጋይ ደገፉ። መርፌ ተንበርክካ ክሯን አሰረች፣ መርፌዋን አንጠለጠለች፣ ጫፏን ከወለሉ አንድ ጣት አራቀች። ባሏ ካርቶኑ ላይ ተንጋሎ ወደ ውስጥ ተንሸራተተ። ከወገቡ በላይ ተሰወረ። እግሮቹ ቀሩ።

መጀመሪያ ላይ ከመርፌዋ ዓይኗን አልነቀለችም። መርፌዋ ትንሽ ተወዛውዛ ረጋች። ከሥር መፍቻ ብረት ሲመታ ይሰማል፤ «አስራ አራት ስጠኝ»፣ «አይ ይቺ አይደለችም»፣ «አይንህ ውስጥ ነው እንዴ የፈለግከው?» ይባባላሉ ወንድማማቾቹ። ጫማው ይወዛወዛል። ሾፌሩ ደጅ ወጥቶ ስልክ እያወራ ይንጎራደዳል፤ «እየተሠራ ነው እማዬ፣ አትልበሺ ገና» ሲል ይሰማል።

«አለህ?»

«የት እሄዳለሁ?»

መርፌዋ አልወረደችም። የጸጉር ያህል እንኳ አልወረደችም። ሌላ ቀን ቢሆን ይህ ደስ ይላታል። ዛሬ ግን ልቧ አልተኛም። ከስንት ጥገና በኋላ አዞውን ታውቀዋለች፤ ሁልጊዜ ሸክም ሲይዝ በመጀመሪያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይረጋል፣ ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንደሚደላደለው ያለ ነገር። ዛሬ አልተደላደለም። ከመጠን በላይ ቀጥ ብሏል፤ ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ተወጥሮ የያዘው ይመስላል። ይህን ለማን ይነግሩታል? ክሪኩ አብዝቶ ጠነከረ ተብሎ ሥራ አይቆምም።

እጇ ሥራ እንዲያገኝ ብላ ጨርቅ አነሳችና የአዞውን ጎን ትጠርግ ጀመር። ከሲሊንደሩ ከንፈር ሥር ስትደርስ ጨርቁ የሆነ ነገር ይዞ መጣ። አየችው። ቀይ ነው። ጎንበስ ብላ ቦታውን አየች። ቀለሙ እንደ ተቀቀለ ቆዳ ተኮማትሮ፣ አረፋ አውጥቶ፣ ከብረቱ ተላቋል። በጥፍሯ ነካችው፤ እንደ ወተት ስልባቦት ተገፎ ወጣ።

የክሪክ ዘይት ቀለም አይልጥም። ጋራዡ ውስጥ ቀለም የሚልጥ ዘይት አንድ ብቻ ነው፤ የፍሬን ዘይት።

የፍሬን ዘይት ደግሞ የክሪክ ጎሚኒ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ ሽማግሌው በቁማቸው ደጋግመው ነግረዋታል። መጀመሪያ ያሳብጠዋል። ያበጠ ጎሚኒ ቱቦውን ግጥም አድርጎ ይይዛል፣ ክሪኩም ከአዲስ የተሻለ ይመስላል። ከዚያ ያላሽቀዋል። ከዚያ በአንድ ጊዜ ነው።

ቀና አለችና ሬዲዮን በዓይኗ ጠራችው።

«ሰማያዊ ክር ያለው ጠርሙስ» አለችው በሹክሹክታ። «ምን አደረግክበት?»

«የቱ? እ...» ሬዲዮ ሳቅ አለ፤ ፊቷን ሲያይ ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ። «የፍሬን ዘይቱ ቆርቆሮ ሲያንጠባጥብ ጊዜ ወደሱ ገለበጥኩት። ባዶ ነበር እኮ እትዬ፤ የቀረችውን ለበሩ ማጠፊያ ጨርሻት... ጠርሙስ ጠርሙስ ነው ብዬ...»

ዓይኗ ወደ መርፌዋ ሄዷል።

መርፌዋ ወለሉን ነክታለች። ገና ቀጥ ብላ ነው የቆመችው፣ እንደተሰካች። ክሩ ግን አልተወጠረም።

ሬዲዮም አየ። እጁን ወደ እጀታው ሲሰድ አንጓውን ያዘችው። «አትንካው! ግፊት ከጨመርክበት አሁን ነው የሚተፋው። ጎማ! ከፒክአፑ ላይ ትርፍ ጎማውን አውርድ፤ ከጥግ ያንን አሮጌውን ከነቸርኬው አምጣ። ድምፅ እንዳታሰማ።»

ድምፅ እንዳያሰማ ያለችው በምክንያት ነው። ባሏ ይህን ጊዜ የመጨረሻውን ቡሎን ፈቶ የማርሹን ሳጥን፣ ካምቢዮውን፣ በሁለት እጁ ተቀብሎ ደረቱ ላይ አሳርፏል። ክብደቱ የጎረምሳ ነው። የደነገጠ ሰው በእግሩ ይራገጣል፤ እግሩ ክሪኩን ቢመታ የፈራችው በአንድ ጊዜ ይሆናል። ብታወጣውም ካምቢዮውን እንዳቀፈ አይወጣም።

መርፌዋ ማዘንበል ጀመረች።

መርፌ ወለሉ ላይ በሆዷ ተኛች፣ ጉንጯን ሲሚንቶው ላይ አድርጋ። ጨለማው ውስጥ የባሏን አገጭ አየች። «ምናባቱ» አላለችውም። እናቱ ብቻ ይጠሩት የነበረውን፣ ከቀብራቸው ወዲህ በዚያ ቤት ማንም ያላነሳውን የቤት ስሙን ጠራችው።

ጫማው ቆመ። «ምን አልሽኝ?»

«ስማኝ። እግርህን አታንቀሳቅስ። ካምቢዮውን ከደረትህ ላይ በቀኝህ በኩል አንከባለው።»

«ይሰበራል እኮ!»

«ይሰበር።»

ያ ድምፅዋ እንዴት ያለ እንደነበር ኋላ ሲጠየቅ ባሏ ሊናገረው አልቻለም፤ «የሰማሁት በጆሮዬ አይደለም» ብቻ ነው ያለው። ካምቢዮውን በክርኑ ገፋው። ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ጋራዡን አናጋው። አዞው ከውስጡ አንዲት ቀጭን ነገር ተነፈሰ፣ ሕፃን በእንቅልፉ እንደሚያጉረመርመው።

ሾፌሩ ከደጅ ሮጦ ገባ፤ ማንም ሳይነግረው ነገሩ በዓይኑ ገባው። ስልኩን ጥሎ ትርፍ ጎማውን ከሬዲዮ ጋር አወረደ። መርፌ ጎማውን በጀርባዋ ገፍታ ከባሏ ትከሻ አጠገብ፣ ከወፍራሙ ብረት ሥር አስገባችው። ሁለተኛውን በላዩ። ሁለተኛው ግን አልገባም አለ፤ መኪናው ቀድሞታል። ክሩ አሁን ወለሉ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ መርፌዋም አብራው ተጋድማለች። «ግፋ!» አለች። ሦስቱም ገፉ። አሮጌው ጎማ ላስቲኩ እየተፋቀ፣ እየጮኸ፣ ግማሹ ገባ።

ያኔ አዞው ተፋ።

ትልቅ ድምፅ አልነበረም። ፊሽ ብሎ ዘይቱ በሲሊንደሩ አንገት ፈነዳ፣ የመርፌን ፊትና አንገት አለበሳት። ፒክአፑ ወረደ። ጎማዎቹ ላይ አረፈ፤ ላስቲኩ ጭፍልቅ አለ፣ ቸርኬው አቃሰተ፣ ስፕሪንጎቹ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች አሉ። ከዚያ ሁሉም ነገር ቆመ።

እግሮቹ ተዘርግተዋል። ጫማው አይንቀሳቀስም።

«አለህ?» አለች።

ምንም።

ዘይቱ ዓይኗን ያቃጥላታል፤ አልጠረገችውም። ሬዲዮ አፉን በሁለት እጁ ይዟል። ወለሉ ላይ የወደቀው ስልክ ውስጥ አንዲት አሮጊት «ልልበስ ወይስ አልልበስ?» እያሉ ይጠይቃሉ።

«አለህ ወይ?»

«የት...» አለ አንድ ድምፅ። የሕፃን ድምፅ ይመስላል። «የት እሄዳለሁ።»

እግሮቹን ያዘች። ዘመኗን ሁሉ የፈራቻቸውን እግሮች በሁለት እጇ ይዛ ሳበች። በመኪናው ሆድና በደረቱ መሀል የቀረው አንድ መዳፍ ነበር፤ የቱታው ቁልፎች አንድ በአንድ እየተበጠሱ ነው የወጣው።

ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ሁሉም ወንድሙን ይመታዋል ብለው ጠበቁ። እሱ ግን የራሱን እጆች ገልብጦ ገልብጦ አያቸውና «ውሃ» አለ። ሬዲዮ ውሃውን ሲያመጣ ግማሹ መንገድ ላይ ፈሰሰ። «ወንድም ጋሼ፣ እኔ...» አለ። ያን ቀን ሬዲዮው እንደተዘጋ ዋለ። ሾፌሩም እናቱን በሌላ ሰው መኪና አመጣቸው፤ ፍራሹን ግን በጀርባው ተሸክሞ ነው የሄደው።

የዳነ ሰው ግን በአንድ ቀን አይድንም። ምናባቱ ከዚያ ወዲያ መኪና ሥር አልገባም። ደንበኛ ሲመጣ ወገቤን ይላል፣ ዕቃ የለም ይላል፣ ነገ ይላል። «ምናባቱ» የምትለዋ ቃልም ከአፉ ጠፋች፤ ደንበኞቹ በስሙ ሲጠሩት እንኳ ዘወር የሚለው ዘግይቶ ነው። አዞውን ጥግ ላይ ጆንያ አልብሶታል።

«ለቁርጥራጭ ብረት እንስጠው» አላት አንድ ጠዋት።

«አዞው ምን አጠፋ? ያጠጣነውን ነው የተፋው» አለች መርፌ።

ጆንያውን ገፈፈችና ጠረጴዛዋ ላይ አወጣችው። ጎሚኒዎቹን ስታወጣቸው ውሃ እንደገባበት ዳቦ አብጠው በጣቷ መሀል ተፈረፈሩ። ለባሏ አሳየችው፤ አይቶ ፊቱን አዞረ። ውስጡን ደጋግማ አጠበች። ጠርሙሱን ሰበረችና አዲስ ያልተከፈተ ዘይት አስገዛች፤ ጉንፋኗ ስለለቀቃት ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው፣ ሬዲዮንም አስሸተተችው፣ እሱም እንደ ተማሪ አሽትቶ መለሰላት። ገጠመች። ከቀኝ ወደ ግራ።

ታክሲው በመጨረሻ እግር አግኝቶ ሄዷል። መደገፊያ ብረቶቹ ተለቀዋል። አንድ አሮጌ መኪና አነሱ፣ ብረቶቹን ግራና ቀኝ አቆሙ። ሬዲዮ ከአናጢው ያስመለሳቸውን ግንዲላዎች ሳይታዘዝ ጨመረባቸው። መርፌ ክሯን አሰረች። ከዚያ ካርቶኑን ዘረጋች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ባሏ።

«የጠገነ ሥሩ ይተኛል።»

«አንቺ? ደንበኛ ቢያይሽ ምን ይላል?»

«ምናባቱ ይበል» አለችና ተንጋለለች።

ሬዲዮ ከት ብሎ ሊስቅ ሲል ወንድሙን አየና ዋጠው። ባሏ ሊከለክላት እጁን አንስቶ ነበር፤ መልሶ ኪሱ ከተተው።

ከሥር ሆና የመኪናውን ሆድ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው፤ ጭቃ የደረቀበት፣ ጥቁር፣ ከአፍንጫዋ አንድ ክንድ የራቀ። አየሩ ይከብዳል። ብረቶቹ እንዳሉ ታውቃለች፤ ራሷ ናት ያቆመቻቸው። ቢሆንም ደረቷ ላይ የሆነ ነገር ተቀመጠ። እሱ በየቀኑ እዚህ ተንጋሎ ያንጎራጉር ነበር። ለማንጎራጎር ሞከረች፤ ዜማው አልመጣላትም። ጫማዋ እንደማይንቀሳቀስ ታወቃት፤ ልታንቀሳቅሰው አሰበች፣ እግሯ ግን አልሰማት አለ።

ከውጭ ትንፋሽ ሰማች። የሚሮጥ ሰው ትንፋሽ፣ ቆሞ የሚሮጥ።

«አለሽ?» አላት።

መልሱን ካርቶኑን ስትዘረጋ ጀምሮ አዘጋጅታው ነበር። ስንት ዓመት የሰማችውን መልሳ ልትነግረው፣ ሳቅ ብላ ልትወጋው አስባ ነበር። ድምፁን ስትሰማ ግን ተወችው። እንዲህ ባለ ድምፅ የጠየቀ ሰው አይቀለድበትም። እሷ ታውቀዋለች።

«አለሁ» አለችው። «አለሁ፣ እዚሁ ነኝ። አንተ ክሩን እይልኝ።»

አንድ ነገር ወለሉ ላይ ሲያርፍ ሰማች። አንገቷን ዘወር አድርጋ ተመለከተች። ባሏ በሆዱ ተኝቷል፣ ጉንጩን ሲሚንቶው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ከመርፌዋ ጫፍ ትይዩ አድርጎ። መርፌዋ ከወለሉ አንድ ጣት ከፍ ብላ ረግታለች። እሱ ግን የረጋውንም እያየ ዓይኑን አላርገበገበም።